የጎረቤት ፊርማ

የፖሊስ ጣቢያዋ ሃምሳ አለቃ ቅጹን ገልብጣ አየችና ለሰዓት ሠሪው መለሰችለት። «ጋሼ፣ ያለ ጎረቤት ምስክር የሽጉጥ ፈቃድ የለም። ግድግዳ የሚጋራዎት ሰው ጠባይዎ መልካም ነው ብሎ ይፈርምልዎት።»

«ሌላ ሰው አይሆንም?»

«አይሆንም።»

ሰዓት ሠሪው ቅጹን ይዞ ወጣ። ግድግዳ የሚጋራው ብረት በያጁ ጎረቤቱ ብቻ ነው፤ ሽጉጥ ያስፈለገውም በዚያው በበያጁ ምክንያት ነው። በውኃ መውረጃ ቦይ ከተጣሉ ወዲህ ሰውዬው ብረት በቀጠቀጠ ቁጥር የእሱ ልብ ይዘላል። እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ ካልዞረ ወር አልፎታል።

ሁለት ቀን እስከ በሩ እየሄደ ተመለሰ። በሦስተኛው «የመጣው ይምጣ!» ብሎ አንኳኳ።

በያጁ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ። ያ ግድንግድ ሰው ፊቱ አመድ መስሏል። ሰዓት ሠሪው የሰጠውን ቅጽ አንብቦ ሲያበቃ ከቱታው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋው። ያው የሽጉጥ ፈቃድ ቅጽ ነው፤ የጎረቤት ፊርማ ቦታው ባዶ ነው። ከ«ምክንያት» ጎን «ጎረቤቴን ስለምፈራ» ተብሎ ተሞልቷል።

«እኔን? እኔ ምኔ ያስፈራል?»

«ሌሊቱን ሙሉ መብራትህ አይጠፋም። ምን እየዶለትክ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ሁለቱም ወረቀቶቹን አዩ። ቀድሞ የፈረመ፣ ሌላውን ቀድሞ ማስታጠቁ ነው።

ሰዓት ሠሪው እስክሪብቶውን ዘረጋለት። «አንተ ቅደም።»

በያጁ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም!»