ሽምብራ ቆጣሪው ሰላይ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የሩሀማ ጉድ ግን ወር አልጠበቀም፤ በገዛ ፊልሟ ምረቃ ላይ መጣባት።

ሐይቅ ዳር ያለው የሆቴል አዳራሽ ጢም ብሏል። ከፊት የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች፣ ከኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ይህን የሰላይ ቀልድ ለመሥራት ሦስት ዓመት ለፍታለች፤ ካልሳቁላት አለቀላት። ደግሞም ሳቁላት! ጥቁር መነጽር ያጠለቀው ሰላይ ፒያሳ አንድ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ ያዛውራል። መሀል ላይ ይርበውና ሽምብራውን ይቆረጥመዋል። አለቃው ስንት ሰው ገባ ሲለው ሆዱን ያሳያል። ተማሪዎቹ ወንበር እየደበደቡ ሳቁ፤ የመዘምራኑ መሪ እንኳ እንባዋን ጠረገች።

የሽምብራውን ነገር ሩሀማ የወሰደችው ከአባቷ ነው። ጋሽ ፍቅሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ያከብራቸዋል። ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም በር ሥር ተቀምጠው እንዲሁ ሽምብራ ያዛውራሉ። ምንድነው ስትላቸው፣ ልማድ ነው ብለው ያልፏታል። ላስደንቃቸው ብላ አንድ ቃል ሳትነግራቸው ፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። አይ ሩሀማ! እሳቸው አንዴም አልሳቁም። ተቀየሙኝ ብላ ደጋግማ ወደሳቸው ዞረች።

መብራት ሲበራ ለአስተያየት ማይክ ዞረ። መጀመሪያ የተናገረው ዮፍታሄ ነው፤ የቴአትር መምህር፣ ፌስቡክ ላይ ስንቱን ፊልም አፈር ያበላ ሰው። ሽምብራዋን ከየት አመጣሻት ብሎ፣ አድንቆ ተቀመጠ። ሩሀማ በደስታ መቆሚያ አጣች። ቀጥሎ ማይኩን የያዙት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ነበሩ፤ አለምነሽ ነኝ አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ማን ነገረሽ? በደርግ ጊዜ ቤታችን ውስጥ በድብቅ ስንጸልይ፣ አንድ ወጣት ደጃችን ላይ እንዲህ ይቀመጥ ነበር። ሽምብራውን ሲያዛውር በመስኮት አየዋለሁ። በሳምንቱ ባለቤቴን ብዙአየሁን ወሰዱት። አልተመለሰም።»

ሩሀማ ክው አለች። ዓይኗ ወደ አባቷ ሊሄድ ሲል በግድ መለሰችው። ከጭንቅላቴ የፈጠርኩት ነው አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ጋሽ ፍቅሬ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አትዋሺ ልጄ። ያ ሰው እኔ ነኝ።»

እትዬ አለምነሽ አልጮኹም፣ አልተራገሙም። አርባ ምናምን ዓመት ያኖሩትን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«የት ቀበራችሁት?»

«አላውቅም። የእኔ ሥራ መቁጠር ብቻ ነበር።»

ይሄኔ ከኋላ ጭብጨባ ተነሣ። ተማሪዎቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ፣ አፏጩ፣ ቆመው ቪዲዮ ቀረጹ። ከፊት ያሉት አንገታቸውን ደፉ። እትዬ አለምነሽ ማይኩን ወንበር ላይ አኑረው ወጡ። ጋሽ ፍቅሬ በጭብጨባው መሀል እንደቆሙ ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ውስጥ ቁርስ የቀመሰ አልነበረም። አባቷን ቀና ብላ ማየት ስላቃታት ስልኳን ከፈተች። ዮፍታሄ ጽፏል፤ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ መድረክ ሥር የታየው ትርኢት ግን ወደር የለውም፣ ሽማግሌውን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ማነው ይላል። አራት ሺህ ሰው ወዶታል። ከአዲስ አበባም አንድ ሲኒማ ቤት፣ ፊልሙን እናሳይልሽ፣ ሽማግሌውንም ይዘሽ ነይ ብሏታል።

ዝም ብትል ነገሩ ከቤተ ክርስቲያናቸው ውጭ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። የአባቷም ስም ይተርፋል፣ የሷም ፊልም። ደግሞስ ማን ይጠይቃታል? ግን እኚያ ሴት መልስ ሳያገኙ ሲወጡ፣ ጀርባቸው ላይ ሲጨበጨብባቸው አይታለች።

ከዮፍታሄ ጽሑፍ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች።

«ተዋናይ አይደሉም። አባቴ ናቸው፤ የተናገሩትም እውነት ነው።»

ቀጥላም የአባቷን ስም ከነአባት ስማቸው ጻፈችው።