መኪናዋ አትሸጥም

«ስምንት ሰዓት ላይ ደላላው መጥቶ ይወስዳታል» አለ የሟቿ ታላቅ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «ሞተሯ አልቆለታል። ጠዋት ሳስነሳት ተንቀጠቀጠች፤ ያቺ የሞተር ምልክት ያለባት ብርቱካናማ መብራትም በራች።»

ባልየው ከፍራሹ ላይ ቀና አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ አትሸጥም።»

«ማን ሊነዳት? አንተ?»

ከለቀስተኞቹ አንዷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። የሰፈሩ ሰው «ተሳፋሪው» ነው የሚለው። ሚስቱ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች፤ የመጀመሪያ ተማሪዋም እሱ። መንጃ ፈቃድ እያለው ከጎኗ መቀመጥ ይወድ ነበር። እሁድ እሁድ ሲያልፉ ወንዶቹ ይጠቃቀሳሉ። እሷ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ቦታ አለ፣ ትገባላችሁ?» ትላቸዋለች።

ወንድሟ ግን አልሳቀላትም። «ሴት ልጅ መሪ ይዛ አደባባይ ለአደባባይ» ብሎ አሥራ አንድ ዓመት ደጇን አልረገጠም። የመጣው ልቧ ድንገት ቀጥ ባለ ማግስት ነው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶውንም ቤቱንም እሱ ያዛል።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ነርስ ወደ ባልየው ጠጋ አለች። የሟች የመጨረሻ ተማሪ ናት፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

«ፈተናዬ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «የተመዘገብኩት በእሷ መኪና ነው። ያ መብራት ከበራ ደግሞ ፈታኞቹ አይቀበሏትም። ይቅር ጋሼ፣ ግድ የለም።»

«እሷ ብትሆን ይቅር ትል ነበር?»

ባልየው ተነሥቶ የሚስቱን የመሣሪያ ሣጥን ከመደርደሪያው አወረደ።

«ወዴት ነው? ሰው ሊያጽናናህ መጥቶ!» አለ ወንድምየው።

«ያጽናኑኝ፤ ግቢ ውስጥ ነኝ።»

ኮፈኑን ከፈተ። ስንት ዓመት ባትሪ ይዞ አብርቶላታል! «መብራቱን ጠላት አታድርገው» ትለው ነበር፣ አንገቷን ሞተሩ ውስጥ ቀብራ። «ስሞታ ነው የሚያሰማህ። ስማው፤ ግን እንደ ዳኛ አጣራ።»

ሞተሩን አስነስቶ የሚስቱን የብልሽት መመርመሪያ ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ሰካ። መመርመሪያው ሁለተኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በትክክል እንደማይነድ ነገረው። ሞተሩን አጠፋና ለሁለተኛው እሳት የሚያቀብለውን ኮይል ነቅሎ ከሦስተኛው ጋር አቀያየረ። የተመዘገበውን ብልሽት ከመመርመሪያው አጥፍቶ እንደገና አስነሳ። ተንቀጠቀጠች። አሁን ግን ስሞታው ከሦስተኛው መጣ። በሽታው ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል።

«ያዝኩህ!» አለ ጮክ ብሎ። ለቀስተኞቹ በመስኮት አንገታቸውን አሰገጉ።

ወንድሟ ደረጃውን ወርዶ መጣ። «አታፍርም? አፈሯ ሳይደርቅ በቅባት ተለውሰህ!»

«እሷም ተለውሳ ነው የኖረችው። አንተ እጇን አይተህ ታውቃለህ?»

እህቱን ካገባ ጀምሮ አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው አንተ አለው። ወንድምየው የባልየውን በቅባት የጠቆሩ ጣቶች አይቶ የራሱን ንጹሕ እጆች ኪሱ ከተተ።

ከሣጥኑ ሥር አዲስ ኮይል ተጠቅልሎ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ በእሷ የእጅ ጽሕፈት «ለክፉ ቀን» ይላል። ባልየው ጥቂት ቆሞ አነበበው። ከዚያ በተበላሸው ፋንታ ገጠመው፣ የተመዘገበውን ብልሽት አጥፍቶ አስነሳ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይደናቀፍ ዞረ። መብራቱ ጠፋ።

ደላላው የግቢውን በር ሲያንኳኳ ነርሷ መሪውን ጨብጣለች።

«ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልን» አለ ባልየው።

ወንድምየው እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ሄደና ሁለቱንም መዝጊያዎች ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ደላላውንም ክንዱን ይዞ ከመንገድ አስወገደው።

ባልየው ከነርሷ ጎን ገባ። ሚስቱ አጭር ነበረች፤ በመጨረሻው ትምህርት ቀን እግሯ ለአስተማሪ ወደተገጠመው ሁለተኛ ፍሬን እንዲደርስ ይህን ወንበር ወደ ፊት እስከ ጫፍ አስጠግታው ነበር። ጉልበቶቹ ከፊቱ ካለው ሰሌዳ ጋር ተጋጩ።

«ወደ ኋላ ይግፉት እንጂ ጋሼ፣ ጠበበዎት እኮ» አለች ነርሷ።

እጁ ከወንበሩ ሥር ወዳለው ማንሻ ወረደ። ነካው። ከዚያ እጁን መልሶ የታጠፉ ጉልበቶቹን አቀፈ።

«ንጂ» አላት።