ፋሲካን በጎመን

ሸዋረጋ መክሳት የጀመረችው በሁዳዴ ነው። ጣጣው የመጣው ሁዳዴ አልቆ እሷ አለማቆሟ ነው።

ዘጠና አራት ኪሎ ነበረች። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ የውስጥ እግሯን እንደ በርበሬ ይለበልባት ጀመር። ደሴ ወጥታ ስትታይ ሐኪሙ ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ሃያ ኪሎ ቀንሺ አላት። እናቷ በዚሁ በሽታ እግሯን ተቆርጣ በዓመቷ ነው የሞተችው። የሸዋረጋ ፍርሃት እሱ ነበር፤ ሌላ ፍርሃት አልነበራትም።

ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት ይቅር ተባለች። ዘይት፣ ስኳርና የፍርኖ ዳቦም ይቅር። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ እንዲሁ ተቀቅሎ ይበላ። «ታዲያ ይኼ ጾም አይደል? ስጾም አይደል የኖርኩት?» ብላ ሳቀች። ጾሙንስ ጾማለች፤ ግን ሁዳዴን በፓስቲና ዘይት በሚዋኝበት ምስር ስለምታሳልፈው ከገባችበት ወፍራ ነበር የምትወጣው። ሰው ይታለላል፤ ሚዛን ግን አይታለልም።

በዘጠና አምስት ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ የዘይት ጀሪካኗን ለጎረቤት ሰጠች። የመጀመሪያውን ሳምንት ራሷን አሟት፣ ፓስቲ በህልሟ እየመጣ አስቸገራት፤ ያለ ዘይት የሠራችው ሽሮ ጭቃ ጭቃ አላት። እየቆየ ለመደችው። ለፋሲካ አሥራ አራት ኪሎ ቀንሳ፣ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ይዛ፣ እግሯም መለብለቡን ትቶላት ነበር። ከደስታዋ ብዛት ብቻዋን ትስቅ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጎረቤቱ ቅርጫ ሲካፈል እሷ ጎመኗን አቀረበች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ታዲያ በሃምሳው ጎመን የሚበላ ክርስቲያን ምን ሊባል ነው? ሃይማኖቷን ለውጣለች አለ አንዱ። ስለት ይሆናል አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ግምት በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው።

ደፍራ የነገረቻት አብራት የምትሠራው ከይሪያ ናት።

«ሸዋዬ፣ ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። ከሳች፣ ምግብ ዘጋት፣ ያ በሽታ ይዟታል እያሉሽ ነው። ወላሂ እኔ አላመንኩም። ግን ወሬው ደሴ ደርሷል።»

ለሸዋረጋ ደሴ ማለት ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሰኞ ገበያ ማለት የአትጠገብ ቤት ነው። የሸዋረጋ አንድዬ ልጅ ወንጌላዊት ለአትጠገብ ልጅ ለፈንታሁን ታጭታ፣ ሠርጉ ለግንቦት ሃያ አራት ተቆርጧል። በዚያን ጊዜ የከሳ ሰው ሁሉ ሬሳ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ከሷ ክፍል ብቻ በሁለት ዓመት አራት ሰው ቀብረዋል፤ ያኔ ሸዋረጋም ከሌሎቹ ጋር ስትንሾካሾክ ነበር። አሁን ተራው የሷ ሆነ።

በማግስቱ ሄዳ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ደሟን ሰጠች። ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ተሰጣት። አትጠገብ እናትና ልጅን ለእሑድ ምሳ ስትጠራ ሸዋረጋ ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛ ደሴ ወጣች።

ቅቤው ከላዩ የሰፈፈ ዶሮ ቀረበ።

«ብይ እንጂ፣ ሸዋረጋ።»

«እትዬ አትጠገብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪም ከልክሎኝ ነው፤ ስኳር አለብኝ።»

«ስኳር ያለበት ስኳር ይተዋል እንጂ ዶሮ ይተዋል እንዴ?»

ሸዋረጋ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችላት። አትጠገብ አልተቀበለቻትም።

«እኛ ወረቀት አልጠየቅንሽም፣ እህቴ። ወረቀት እንደሆነ ይገዛል። ብይልን፤ በዓይናችን እንይሽ።»

ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። ወንጌላዊት እናቷን አየቻት፤ ዓይኗ ይለምን ነበር። ሸዋረጋ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች።

በላች። አትጠገብ «አንድ ያጣላል» እያለች ደጋግማ አጎረሰቻት፤ ሸዋረጋም እየዋጠች አመሰገነች። የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱ ፈካ። ሲሸኟቸው አትጠገብ አቅፋ ሳመቻትና «እስከ ሠርጉ ደግሞ ሞላ በይልን፤ የሙሽራ እናት እንዲህ ሆና ሰው ፊት አትቆምም» አለቻት።

ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከኋላ ተቀመጡ። ሸዋረጋ ንዴቱ አልወጣላትም። ቢሆንም ሠርጉ ተርፏል፣ ምን ይደረግ፣ የእናት ዕዳ ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች። ወንጌላዊት እጇን ዘረጋች።

«እማዬ፣ ወረቀቱን ልየው?»

ሰጠቻት። ልጅቷ ስሙን አየች፣ ቀኑን አየች፣ እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ? ሁሉም አልፏል እኮ።»

«እኔም እውነት መስሎኝ ነበር፣ እማዬ።»

ልጇ ከፋሲካ ወዲህ ምግቧን በሌላ ሳህን እያወጣች ለብቻዋ ነበር የምትበላው። ሸዋረጋ ዘይት የሌለው ወጥ አልጥም ብሏት ነው ብላ አንድ ቀን እንኳ አልተቀየመቻትም። አሁን ገባት። የአትጠገብ ዶሮ እንዲህ አልመረራትም።

«ነገ ጎመኔን እቀቅላለሁ» አለች። «ለሠርጉም እንዲሁ እንደከሳሁ ነው የምቆመው። እናቴን ስትቆረጥ እግሯን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ አንቺ የኔን እንድትይዢ አልፈልግም።»

ወንጌላዊት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እነሱ ሠርጉን ቢተዉትስ?»

«ያን ጊዜ» አለች ሸዋረጋ ወረቀቱን ከልጇ ጭን ላይ እያነሳች፣ «አንቺና እኔ ከአንድ ትሪ እንበላለን።»