ለካፒቴኑ ሱፍ የተቀጠረ ብል

ልብስ ሰፊው በሚስቱ የቀድሞ እጮኛ አይቀናም። እንዲያ ነው የሚለው። የሚቀናው በሰውየው ሱፍ ብቻ ነው።

ሱፉ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ልክ እንደ ቤቱ አባወራ፣ ከሁሉም ልብስ ፊት ተሰቅሏል። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው፤ ሱሪው ከባለቤቱ ከካፒቴኑ ጋር ቀርቷል። ካፒቴኑ መርከብም አውሮፕላንም ነድቶ አያውቅም፤ የሰፈር ቡድን አምበል ስለነበር የወጣለት ስም ነው።

«ለምን አትጥዪውም?»

«ደህና ሱፍ እኮ ነው! አጥቤ፣ ተኩሼ የያዝኩትን ምን ብዬ ልጣል?»

«እኔን የመሰለ ልብስ ሰፊ አግብተሽ የሌላ ሰው ኮት ትለብሻለሽ?»

«ስፋልኛ! ደንበኛ አለብኝ እያልክ በብርድ የምታስገርፈኝ አንተ።»

እውነቷን ስለነበር የባሰ ተናደደ። ኮቱን ግን በጣቱ ነክቶት አያውቅም። ቢነካው ካፒቴኑን የጨበጠ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሚያጠራቅምበት ጆንያ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ወርቃማ ነገር ብር ብላ ወጣች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው የባዮሎጂ መምህር ከመነጽሩ በላይ አያት።

«ብል ናት። አምፖል ላይ ራሷን ከምትደበድበው የእሳት እራት ጋር እንዳታምታታት። ይቺኛዋ ብርሃን አትወድም። ጨለማና ማንም የማይነካው ጨርቅ ካገኘች ሌላ አትፈልግም።»

«ጨርቄን ልትጨርስልኝ ነዋ፣ መምህር!»

«እሷማ በምን አፏ? ክንፍ ካወጣች በኋላ አትበላም። ትጋባለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሞታለች። የሚበላው ልጇ ነው፣ ነጩ ትል። ሲጠግብ ከራሱ ክር ቤት ሠርቶ ይተኛና ክንፍ አብቅሎ ይወጣል።»

«ምን ምን ይበላል?»

«ሱፍ ነዋ! ከበግ ፀጉር የተሠራውን፣ በተለይ የሰው ላብ የነካውን፣ ሳይታጠብ የተሰቀለውን።»

ልብስ ሰፊው «ሱፍ» የሚለውን ሲሰማ ሌላው አልተሰማውም። መምህሩ እንደሄደ ትል የወረረውን አንድ አረንጓዴ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ቤቱ በረረ። በመቀስ ጫፍ እየገፋ የካፒቴኑ ኮት የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«በሉ፣ አታሳፍሩኝ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ኮቱ እንዳይነካ ዘብ ቆመ። ሚስቱ ገና ብርድ ብርድ ሲላት ሻርፕ ይዞ ይሮጣል። ዝናብ ሲያጉረመርም ጃንጥላ ይዘረጋል።

«ምን ነካህ አንተ ሰው? አሳቢ ሆንክብኝ እኮ!» ትለዋለች እየሳቀች።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ጩኸት ሰማ። ደስታውን ውጦ፣ የለቀስተኛ ፊት አዘጋጅቶ ገባ።

«ሱፉ ነው? አይ! ደህና ሱፍ ነበር እኮ!»

«የምን ሱፍ ታወራለህ? ቀሚሴ!»

ከኮቱ ጎን ተሰቅሎ የኖረውን ቀይ ቀሚስ ወደ መስኮቱ አነሳችው። ራሱ ከእውነተኛ የበግ ሱፍ የሰፋላት የሠርጓ ቀሚስ ነበር። ወንፊት ሆኗል፤ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል። የካፒቴኑ ኮት ግን አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካው ያብለጨልጫል።

ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቱን ዳሰሰው። ጣቶቹ ወዲያው ነገሩት፤ ጥርት ያለ ፖሊስተር! በሰው አፍ ኮት ሁሉ ሱፍ ነው፤ ብል ደግሞ የሰው አፍ አይሰማም። ዕድሜውን ጨርቅ ሲዳስስ የኖረ ሰው በስም ተሸወደ።

«ቀሚሱን… አላጠብሽውም ነበር?»

«እንዴት አጥበዋለሁ? የሠርጋችን ቀን ስንደንስ ላብህ ጠብ ያለበት እኮ ነው። ሽታህ እንዳይጠፋብኝ ነው የተውኩት።»

 እሷ ኮቱን ወስዳ ስታራግፈው የተነጫጨ አረንጓዴ ቁራጭ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳችው፤ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ የሱቅህ ጨርቅ አይደል?»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ወረወረ።

«በኮት ቀንተህ? ወይ ጉድ! የሰውየውን መልክ እንኳ ረስቼዋለሁ እኮ!»

ኮቱን ለበሰች፣ አንገትጌውን አስተካከለች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ቀሚሴን እንደነበረ እስክታደርገው እህቴ ጋ ነኝ» አለችና ወጣች።

ልብስ ሰፊው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በመርፌ ጫፍ ትሎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። አንዱ የቀሚሱ አንገት ላይ፣ ፀጉሯ በሚያርፍበት ቦታ፣ ወፍሮ ተንጋሏል። ሊጨፈልቀው ጥፍሩን ሰንዝሮ ቆም አለ።

«ተመቸህ አይደል?» አለው። አሁን ደግሞ የሚቀናው በትሉ ነበር።