ሸጋው ምግብ እምቢ ያለ ዕለት

ኑርሁሴን ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ጆሮውን በጥንቸሉ ሆድ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። የቤት አከራዩ ወይዘሮ ለተመድህን በሩን ገፋ አድርጋ ስታየው ስግደት ላይ ያለ መስሏት በቀስታ ወደኋላ ተመለሰች። ወዲያው ግን «ሸጋው፣ አንዴ ብቻ ቅመስልኝ» ሲል ሰማችው።

«ዋይ ኣነ! ኣንታ ኑርሁሴን፣ ለዚህ ነው የምትንበረከከው?»

«ሆዱ ዝም አለ እኮ፣ እትዬ ለተመድህን» አለ ቀና ሳይል። «ሌላ ጊዜ ሲጉረመረም ይሰማል። ዛሬ ጭጭ ብሏል።»

ሸጋው ያረጀ ነጭ ጥንቸል ነው። ሟች ባለቤቱ ሂዳያ በቅርጫት ይዛው የመጣች ዕለት ኑርሁሴን አኩርፎ ራቱን አልበላም ነበር። እሷ ካለፈች ወዲህ ግን ከጨርቅ ሱቁ ሲመለስ ወሬውን ሁሉ የሚነግረው ለሸጋው ነው። ሸጋው ደግሞ በጆሮ አይታማም።

ሰሞኑን ካሮቱን አንስቶ ይጥላል፤ አገጩም በለሃጭ ይርሳል። ኑርሁሴን «እርጅና ነው፤ የእኔስ ጥርስ መች ደህና ሆነ» እያለ አለፈው። ዛሬ ጠዋት ግን ሣሩ እንደተሰጠው አድሯል፤ እንደ ፍየል በጠጥ ከሚያንጠባጥበውም አንዲት ፍሬ የለችም።

«እስከ ነገ ልየው ይሆን?»

ለተመድህን ሥጋው በእምነቴ የማይበላ እንስሳ ደጄን አይረግጥም ብላ ጥንቸሉን ለዓመታት ያራቀች ሴት ናት። አሁን ግን ቆጣ አለች። «ሆዱ የቆመ ፍጡር ነገን ይጠብቃል? የአባቴ በቅሎ ነገ እናያታለን ስንል ነው የሞተችው። ተነስ!»

ሸጋውን በካርቶን ይዘው ቁሓ ወዳለው የከብት ሐኪም በባጃጅ ሄዱ። እሷ የተሳፈረችው መንገዱን ላሳይህ ብላ ነው፤ እሱ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ባጃጁ ጉድጓድ ሲመታ «ቀስ በል እንጂ! በሽተኛ ይዘናል!» ብላ ጮኸች። ሾፌሩ በመስታወቱ ሁለቱን አዛውንቶች አፈራርቆ አየ፤ በሽተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ቢያቅተው ለሁለቱም አዘነ።

ግቢው ውስጥ ሆዱ የተነፋ በሬና አንካሳ አህያ ተራ ይጠብቃሉ። ዶክተር ሕሉፍ ቦቲ ጫማውን እየጎተተ መጥቶ ካርቶኑን አየ።

«ዶሮ ነው?»

«ሸጋው ነው» አለ ኑርሁሴን፣ ሁሉንም ያስረዳ መስሎት።

ሐኪሙ በባትሪ አፉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «የጥንቸል ጥርስ ማደግ አያቆምም፣ አቦይ። የኋላዎቹ ጠማማ አድገው ምላሱን ወግተውታል። ሲያመው መብላት ተወ፤ መብላት ሲተው አንጀቱ ቆመ። ለሃጩን ያዩ ዕለት ነበር መምጣት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥርሱን ለመከርከም ማደንዘዣ ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜው ላይነቃም ይችላል። ካልተሠራለት ግን አይተርፍም።»

ኑርሁሴን ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ሂዳያን ሆስፒታል ያስገባ ዕለትም እንዲሁ ይሠራላት ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። ያን ጊዜ ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ነበር።

«ይሠራለት» አለ በመጨረሻ።

ሐኪሙ መርፌውን እስኪወጋ ሸጋውን የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ኑርሁሴን መርፌውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለተመድህን አማተበች፤ ነጠላዋን አጥፋ ሸጋውን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ነገ ጸበል እገባለሁ» አለች፣ ጆሮውን እየዳበሰች።

ጥርሱ ከተከረከመ በኋላ ሸጋው ነቃ። ዓይኑን ሲገልጥ በሬውም ጭምር የተደሰተ መሰለ። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ወጋው፤ የላመ ምግብ በሲሪንጅ እንዲያጎርሱትና ሆዱን በቀስታ እንዲያሹት ነገራቸው። «እስኪጸዳዳ ግን ዳነ አትበሉ።»

ከሰዓት በኋላ ቤት ተመልሰው ሁለቱም ካርቶኑ ፊት ተንበርክከው ሲያጎርሱት፣ ሲያሹት፣ ሲለማመጡት ዋሉ። ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ሸጋው ጭራውን ቀና አደረገና አንዲት ቁንዶ በርበሬ የምታህል ነገር ጣለ። ቀጥሎ ሌላ።

ለተመድህን እልልታዋን አቀለጠችው። ኑርሁሴን ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ድምፅ መጣ። «እንኳን ማርያም ማረቻት! ማን ወለደች? ወንድ ነው ሴት?»

ለተመድህን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አጥሩ ዞረች። «ወንድ ነው!» አለች። ከኋላዋ ሸጋው ሣሩን ቀስ ብሎ ማላመጥ ጀመረ።