እዝዝታ የሌለው ማጉያ

ከሮብ ገበያ እስከ የጁቤ ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ «የቀለሙን ማጉያ አምጡ» ይላል። ቀለሙ ባሌ ነው። ቢቸና፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የድምፅ ማጉያ ይሠራል። ሣጥኑን ከዋንዛ እንጨት ራሱ ይጠርባል፣ የውስጡንም ሽቦ ራሱ ይጠመጥማል። ሙያውን የለመደው አዲስ አበባ፣ ከአንድ አርመን ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ጆሮውን ግን የሰጡት ሞጣ ያሉት የድጓ መምህሩ፣ የኔታ ፋንታ ናቸው። ያንን ጆሮ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ!

የኔታ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ እሳቸው ዘንድ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው ዜማውን ሲጨርስ ስሕተት ካገኙበት አይቆጡም። «በቃ፣ ደኅና ነው» ብለው ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። ደስ ብሎት የተነሣውን ተማሪ በማግስቱ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። «የኔታ፣ እንደገና ልበለው» ያለውን ግን ያቅፉታል። ቀለሙ ከታቀፉት አንዱ ነበር። ትምህርቱን ትቶ ሽቦ ጠምጣሚ ከሆነ በኋላ እንኳ ያቺን እቅፍ እንደ ማዕተብ አንገቱ ላይ አስሯት ይኖር ነበር።

በ1960 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም የኔታ ሰው ላኩበት። «ድምፄ እየከዳኝ ነው» አሉ። «ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ተማሪዎቼ ከየአገሩ ይመጣሉ። ቅጥሩ ስለማይበቃ ብዙው ሰው ውጭ ነው የሚቆመው። ድምፄ ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ በራሴ አፍ ልሰናበታቸው። ያንን ሣጥንህን አምጣልኝ።»

ቀለሙ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቆመ። ለሠርግ የሚሸጣቸው ማጉያዎች ከድምፁ ሥር ትንሽ እዝዝታ ነበረባቸው፤ ብርሌ ውስጥ ዝንብ የገባች ያህል። ሠርገኛ ማን ልብ ብሎት! እሱ ግን «በየኔታ ዜማ ውስጥ ዝንብ አላስገባም» ብሎ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ።

«በዓሉ እኮ ደረሰ» አልኩት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«እግር እስኪያወጣ ዶሮዋ እንዳትሞት!»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በበዓሉ ዋዜማ በጭነት መኪና ሞጣ ደረስን። እዝዝታው ቀንሶ ነበር እንጂ አልጠፋም። ሣጥኑን ዐውደ ምሕረቱ ላይ አስቀምጦ ባትሪውን አገናኘ፤ እኔንም «ከቅጥሩ ውጭ ሁነሽ ስሚ» ብሎ ላከኝ። የኔታ ዜማውን አነሡ። ድምፃቸው ቀጥና ነበር፤ ግን ነበረች። ጭድ የሚያራግፉ ሰዎች እጃቸውን አቁመው ዘወር አሉ፤ አንዲት አሮጊትም «የኔታ ናቸው!» ብላ አማተበች። ዝንቧም ከሥር እዝ ትላለች፤ ማንም አልሰማትም።

ደስ ብሎኝ ሮጬ ስገባ የኔታ ሚክራፎኑን እያስረከቡ ነበር። «በቃ፣ ደኅና ነው» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

የባሌ ፊት የተማሪ ፊት ሆነ። ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመና «የኔታ፣ እንደገና ልሥራው» አለ።

የኔታ አላቀፉትም። እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን እንዴት አድርገው ያፍርሱት? «እንግዲህ እንዳልክ» አሉ በመጨረሻ።

«ሰውየው እኮ ፈልገውት ነበር!» ብዬ፣ ሣጥኑን መልሰን ጭነን ወደ ቢቸና ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ነዘነዝኩት።

«አንቺ የኔታን አታውቂያቸውም፤ እየፈተኑኝ ነው» አለኝ።

በዓሉ ያለ ማጉያ አለፈ። የኔታም አጠገባቸው ለቆመው ብቻ ዘመሩ አሉ። ከዚያ ክረምት ገባና መንገዱ ተቆረጠ። ቀለሙ ጓሮ ገብቶ ከሽቦው ጋር ከረመ። ጥቅምት ላይ ጠርቶ ከማጉያው ጡሩምባ ፊት አቆመኝ።

«ስሚ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ምንም የለማ!» አለና ዐይኑ እንባ ሞላ። እውነትም ምንም አልነበረም። እንዲያ ያለ ጸጥታ ከማሽን ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለኅዳር ጊዮርጊስ ይዘነው ሄድን። ሕዝቡ ከቅጥሩ አልፎ እስከ ገበያው መንገድ ቆሟል። የኔታን ሁለት ዲያቆናት ደግፈው አመጧቸው። ሚክራፎኑን ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እንደገና ሞከሩ። ማሽኑ ደግሞ ምንም አይደብቅም፤ የጉሮሮአቸው ድርቀት፣ ምላሳቸው ዜማውን ሲፈልግና ሲያጣው፣ ሁሉም ገበያው መንገድ ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ቀለሙ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ የኔታ እጁን ያዙት። በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ሹክሹክታውንም ሕዝቡ ሁሉ ሰማው። «ልጄ ቀለሙ፣ ያን ጊዜ በቃ ያልኩህ በቅቶኝ ነው።»

ከዚያ አቀፉት። ሚክራፎኑ በመካከላቸው ስለነበር የባሌ ልቅሶ ከቅጥሩ ውጭ ወጣ።

ዝናው የተነሣው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። «ትንፋሽ እንኳ የማያመልጠው ማጉያ» እያሉ ከአማኑኤል ከተማ ሳይቀር እየመጡ ያሠሩታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ገዢው ሰምቶ «በቃ» ካለ፣ ቀለሙ አንዲት ቃል ሳይጨምር ሣጥኑን አንሥቶ ያስረክባል።

ሰዉ ሲሄድ ግን ወደ እኔ ዞር ይላል። «ስንዱ፣ ያን ጊዜ በሚያዝያ፣ አንቺ ውጭ ነበርሽ። ድምፃቸው ደርሶ ነበር?»

አልደረሰም ብዬ ብመልስለት ይቀለው ነበር። መዋሸት አቅቶኝ «ደርሶ ነበር» እለዋለሁ።