አንዲት አጭር ጥያቄ

የሥራ ባልደረባዬ ዊብረን በጥር የመጀመሪያ ሳምንት ታምሞ ቤቱ ሲቀር ምን እንዳመመው አልጠየቅሁትም። አይጠየቅም። ሕጉ የሠራተኛን በሽታ ከመሥሪያ ቤቱ ይሰውራል፤ የቤቶች ማኅበራችንም ይህንኑ ሁላችንንም ሥልጠና ላይ አስቀምጦ አስተምሮናል። የመጨረሻውን ፈተና አንድ ሳልስት ያለፍኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስደውልለት ስለ ጤናው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በዚህም እኮራ ነበር።

የምደውለው ስለ ጣሪያ ነው። ሌዋርደን ከተማ ውስጥ የምናከራያቸው ቤቶች ጣሪያ መቼና እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ዊብረን ብቻውን በአሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶታል። እሱ ሲቀር ለእኔ ተሰጠኝ። ቤቶቹን በቀለም ለይቷቸዋል፤ የቀለሞቹን ትርጉም ግን የትም አልጻፈውም።

«ዊብረን፣ አንዲት አጭር ጥያቄ። ቢጫው ምንድነው?»

«ቢጫ? ተከራዩ ነገረኛ ነው። ጣሪያ ሠሪው መጀመሪያ አብሮት ቡና ይጠጣ።»

«ብርቱካናማውስ?»

«ነገረኛም ነው፣ ውሻም አለው።»

ሳቅሁ። እሱም የሳቀ መሰለኝ። በማግስቱ ደወልኩ፤ በሣልስቱም። ሰንጠረዡ ማለቂያ አልነበረውም። በፊት ስልኩ አራት አምስት ጊዜ ጠርቶ ነበር የሚያነሳው፤ በኋላ ገና ሳይጠራ ያነሳ ጀመር። «ጋራዥ ውስጥ ነኝ፤ መኪናው ውስጥ» አለኝ አንድ ቀን በዝግታ። «ባውከ እንዳትሰማኝ።» ባውከ ሚስቱ ናት። ለምን እንዳትሰማ ብዬ አልጠየቅሁም። አራት መስመር ቀርቶኝ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። አጠገቤ ለሚቀመጠው ለሲከ፣ «ደህና አይደል እንዴ ይሄ ሰውዬ? ቀለሙን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል» ብዬዋለሁ። ሲከ ከንፈሩን አጣሞ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ዊብረን በቀን ሁለት ሰዓት እየሠራ እንዲለማመድ ተባለ። በብስክሌቱ መጣ። የቢሮው በር ጋ ሲደርስ ወረደ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ፣ ከዚያ ወደ መጣበት ዞረ። በመስኮት እያየነው ነበር። ማንም አልወረደም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ፣ ቡና ላይ፣ አለቃችን አፍከ ስለ እሱ አነሳች።

«ዓመት ሊሞላው ነው። በሰላም ትተነዋል። እኔ ራሴ ‹ከቢሮ የሚያስቸግርህ ሰው አለ ወይ?› ብዬ ጠይቄዋለሁ። ‹ማንም ደውሎልኝ አያውቅም› አለኝ። በዚህ ኮርቼባችኋለሁ።»

ስድስታችንም ወደ ኩባያችን አየን።

«እንግዲህ ይህን ያህል አርፎ ካልተሻለው፣ ሥራው ራሱ አልሆነውም ማለት ነው። ከዚህ የሚለቅበትን ወረቀት ሐሙስ እፈርማለሁ፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ይፈለግለታል።»

አፌ ውስጥ ብስኩት ነበር። ማላመጥ ጀመርኩ፤ ሁሉም ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ አላምጬ አልጨረስኩም። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ከሥራው ሊወጣ ነው፣ ምክንያቱም አርፏል ተብሏል። እንዳላረፈ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ምን አደረግሁ? ደወልኩለት።

«ለምንድነው ማንም አልደወለም ያልካት?»

«ኮንትራትሽ ጥር ላይ ያልቃል አይደል? ምን ልበላት ታዲያ?» ከዚያ፣ «እሺ፣ የትኛው ቤት ነው?» አለኝ።

ለጣሪያ የደወልኩ መስሎት ነው። ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁት። «የትም» ብዬ ዘጋሁበት።

ይህ ሰኞ ነበር። አፍከ ቢሮ የገባሁት ረቡዕ ነው። በመሃል የነበረውን ጊዜ ኮንትራቴን ሳነብ ነው ያሳለፍኩት።

ለዊብረን የደወልኳቸውን ጥሪዎች ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠኋት። ዝርዝሩን በጣቷ ወደ ታች ገፋችው፤ ደግማ ገፋችው፤ አላልቅ አላት።

«አንድ መቶ አሥራ ሰባት» አልኳት እንዳትደክም።

«አንድ መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ደውለሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እንዴት ነህ› አላልሽውም?»

«ክልክል ነው ብዬ…»

«ክልክሉ ‹ምን አመመህ› ማለት ነው፣ ይልዱ! ‹እንዴት ነህ› ማለትን የሚከለክል ሕግ የት አይተሻል?»

ፈተናው ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አልነበረም ልላት ስል ራሴን ያዝኩ።

ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰችው። «አልፈርምም። ለሐኪሙ እጽፍለታለሁ፤ ዕረፍቱ ከዛሬ ይጀምራል። ስለ አንቺ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ይቅርታ ልጠይቀው።»

«በምን? በስልክ?»

ስልኬን ከጠረጴዛዋ ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

«ደብዳቤም አይሆንም፤ ቤቱም አትሄጂም። ሲሻለው፣ ከፈለገሽ፣ እሱ ይፈልግሻል። አሁን ውጪ።»

ወደ ቦታዬ ስመለስ ሲከ የቢሮውን ስልክ ዘረጋልኝ። «ጣሪያ ሠሪው ነው። ቤቱ ሰንጠረዡ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ልውጣ ወይስ አልውጣ ይላል።»

«አላውቅም።»

«ለዊብረን ደውይለታ!»

«አልደውልም። ለአፍከ ሁሉንም ነግሬያታለሁ።»

የሁሉም ጣቶች ኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ቆሙ። ሲከ ስልኩን በመዳፉ አፍኖ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ስለ እኔስ ነግረሻታል?»

«ስላንተ ምን?»

«እኔም ደውዬለታለሁ» አለ፤ አንገቱ ድረስ ቀላ። «ሁለቴ። ሦስቴ ቢሆን ነው።»

ከኋላችን አንድ ወንበር ተንቋቋ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላዋ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ማንም ማንንም አላየም። በሲከ መዳፍ ውስጥ ጣሪያ ሠሪው ይጮሃል፦

«ሄሎ? ሰዎች! መሰላል ላይ ነኝ እኮ!»